ሐራጅ የወጣበት ቤትና የእኛ ዝምታ

(ባለፈው እሑድ ከእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ በኋላ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ አባላት ስለጠየቃችሁኝ እንደተናገርኩት ጽፌዋለሁ።)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ፈጣሪ ይመስገን። ከስብሰባው በኋላ ቡና እየጠበቃችሁ እኔን ለመስማት ስለቆያችሁ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ባንክ ቤት ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ብድር ማስመለስ ክፍል ነው። ብድር የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ሰው ይስቃል፣ ይመርቃል። እኛ ጋ የሚመጣው ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ነገሩ ጭራሽ ሲብስ ደግሞ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ብዙ ሐራጅ ላይ ተገኝቻለሁ። ሊቀመንበራችን «ስለዚህ ነገር ንገረን» ሲለኝ እሺ ያልኩት፣ በዚህ ሰፈር እንኳ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ቤታቸው በሐራጅ የሄደ ጎረቤቶች ስላሉን ነው። ስም አልጠራም። ሁላችንም እናውቃለን። ያወቅነው ግን መቼ ነው? ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ዛሬ የምናገረው አንድ ነገር ነው። ቤት በሐራጅ ሲሸጥ ዋጋውን የሚያረክሰው ዝምታ ነው። ባለቤቱ አፍሮ ዝም ይላል። ጎረቤት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሊገዛ የሚችለው ሰው ፈርቶ ይቀራል። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ይቀመጥና ቤቱ በወረደ ዋጋ ይሄዳል። ዕዳው ሳያልቅ ቤቱ ያልቃል። ይህንን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ሕጉን ባጭሩ። ቀጥሎ ቤቱ ሊሸጥበት ስላለው ሰው። በመጨረሻ ስለ ገዥው።

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ድሮ ባንክ የያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነበረበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3060 አበዳሪው «ካልከፈልከኝ ቤቱን እወስዳለሁ፣ እንደፈለግኩ እሸጣለሁ» የሚል ውል ቢያስፈርም እንኳ ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ ባንኩ ይከሳል። ይረታል። ከዚያ ደግሞ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን የሚያስፈጽም ሌላ መዝገብ፣ ይከፍታል። ዓመታት ይሄዳሉ። ወለዱም አብሮ ይቆጥራል።

በ1990 ነገሩ ተለወጠ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወጣ። በ1992 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 216 ተሻሻለ። የጋዜጣ ሐራጅ ማስታወቂያ የምታነቡ ሰዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ታውቋቸዋላችሁ። የባንክ ማስታወቂያ ሁሉ በእነሱ ነው የሚጀምረው። አዋጁ ምን አለ? ባንኩ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ ከተዋዋለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ሸጦ ለገዥው ማዛወር ይችላል።

«አስቀድሞ ከተዋዋለ» አልኩ። እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ቤታችሁን አስይዛችሁ የተበደራችሁ፣ የብድር ውሉን እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጅ አታውጡ፣ ግዴለም። ስትፈርሙ ያ ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ውሉን አውጡና ፈልጉት።

አዋጁ ግን ባንኩን ልቅ አላደረገውም። ሐራጁ የሚካሄደው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ሐራጅ በሚለው መሠረት ነው። ባንኩ ያንን ሥርዓት ጥሶ ተበዳሪውን ከጎዳ በኃላፊነት ይጠየቃል። ይህ ትልቅ መብት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። መብቱ የሚጠቅመው የሚከታተል ሰውን ነው። ማስጠንቀቂያው በትክክል ደርሷል ወይ? ማስታወቂያው ላይ የቤቱ ቁጥር፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በትክክል ሰፍሯል ወይ? ሐራጁ በተባለው ቀንና ሰዓት፣ በተባለው ቦታ ተካሂዷል ወይ? ይህንን የሚያይ ሰው ከሌለ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እሺ፣ ሕጉ ይበቃናል። አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ብዙ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤው ይመጣል። የባንኩ ማህተም አለበት። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ካየሁት ልንገራችሁ። ብዙው ሰው ደብዳቤውን አጥፎ ቡፌ ውስጥ ይከተዋል። ለሚስቱ አይነግርም። ለባሏ አትነግርም። ከባንክ ሲደወል ስልኩን አያነሳም። «እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል» ይላል። እነዚያ 30 ቀናት ግን ሁሉም ነገር ገና በእጁ ያለባቸው ቀናት ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ያለቦታው የተባለ አይደለም።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ልጅ ስል ትልቅ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ለመግዛት ተበድሮ ነበር። ያስያዘው ግን የእናቱን ቤት ነው። መኪናው ተገለበጠ፣ ሥራው ቆመ፣ ብድሩ ውዝፍ ሆነ። ደብዳቤ ተላከ። ለእናትየውም በስማቸው ተላከ። ልጁ እየተቀበለ ደበቀው። እናትየው ነገሩን የሰሙት የባንኩ መሐንዲስ ሜትር ይዞ ግቢያቸው ሲገባ ነው። እኔም አብሬው ነበርኩ። እማማ ከደጃፉ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። «ምን ልትሠሩልን ነው ልጆቼ?» አሉን። መንግሥት ቧንቧ ሊያስገባ የመጣ መስሏቸው ነው። መሐንዲሱ ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። እኔ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። «ልጄ ‹ለምስክርነት ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ› ብሎኝ ነው የፈረምኩት» አሉ። ፊርማቸው ግን እንደ አስያዥ ነበር። ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እለምናችኋለሁ። ልጅ «ፈርሙልኝ» ሲል ፍቅር ነው የሚያስፈርመው፣ አውቃለሁ። ግን የምትፈርሙት እንደ ምስክር ነው? እንደ ዋስ ነው? ወይስ ቤታችሁን እያስያዛችሁ ነው? ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ምስክር ዕዳ የለበትም። አስያዥ ቤቱን ያጣል። ዋስ ደግሞ በሌላ ንብረቱም ሊጠየቅ ይችላል። ጠይቁ። ካልገባችሁ አትፈርሙ። ነገ መጥታችሁ ብትፈርሙ ባንኩ የትም አይሄድም።

ባልና ሚስት ላይም አንድ ነገር ልጨምር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ባል ብቻውን ሚስት ሳትሰማ፣ ወይም ሚስት ብቻዋን፣ የጋራ ቤት ማስያዝ አይችሉም። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። አቤቱታው የተወሰነ ጊዜ አለው። ካወቃችሁ 6 ወር፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ያልፍባችኋል። ቶሎ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

እንግዲህ ደብዳቤው ደረሰ እንበል። ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው፣ ባንኩ ጋ ሂዱ። በእግራችሁ ሂዱ፣ ከብድር ክፍሉ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሥራው ተዳክሞ ግን ያልሞተ ከሆነ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም አለ። ባንክ ቤት መሸጥ አይወድም። ይህንን ስል ባንክን እያሞገስኩ አይደለም። ባንክ የሚፈልገው ብሩን ነው። ቤት መሸጥ ጣጣው ብዙ ነው። ተበዳሪው ግማሽ ውዝፍ ይዞ ቢመጣና «ቀሪውን በዚህ ጊዜ» ቢል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰው ያገኛል። የሚጠፋውን ሰው ግን ማን ይሰማዋል?

ሁለተኛው፣ ራሳችሁ ሽጡት። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ቤቱ በመያዣ የተያዘ ስለሆነ መሸጥ አይቻልም ብሎ ያስባል። ባንኩ ከተስማማ ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገዥ ታገኛላችሁ። ከገዥው ጋር ባንክ ትሄዳላችሁ። ገዥው የዕዳውን ያህል በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል። ባንኩ መያዣውን የሚያነሳ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዕዳው የተረፈውን ገዥው ለእናንተ ይከፍላል። ስም ይዛወራል። አለቀ። በዚህ መንገድ ቤቱ በገበያ ዋጋ ይሄዳል። ስማችሁም ጋዜጣ ላይ አይወጣም።

የገበያ ዋጋና የሐራጅ ዋጋ ልዩነት ምን ያህል ነው ትሉኝ ይሆናል። እንደ ቤቱ ነው። ግን ምክንያቱን ልንገራችሁ። መነሻ ዋጋውን የሚያወጣው የባንኩ መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱ ይጠነቀቃል። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ቦታው ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ ያሰላል። የእናንተን ትዝታ አያሰላም። ደላላ መንገድ ላይ የሚጠራውን ዋጋም አያሰላም። መነሻ ዋጋ ማለት ግን መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ስንት ይወጣል የሚለውን የሚወስነው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብዛት ነው።

ሦስተኛው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ዕዳውን ከፍሎ ሐራጁን ማስቀረት ይቻላል። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ እቁብ ወጥቶ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም ልኮ፣ ጠዋት ከፍለው ከሰዓት ሐራጁ የቀረላቸው ሰዎች አይቻለሁ። ለዚህ ግን ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። ማን ሊረዳችሁ ይችላል፣ ካልነገራችሁት?

«ፍርድ ቤት እግድ ያወጣልኛል» ብሎ ብቻ መቀመጥ ግን አያዋጣም። ሞክሩ፣ መብታችሁ ነው። ግን እሱን ተማምናችሁ 30ውን ቀን አታቃጥሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። እነዚህ ሁሉ ሳይሳኩ ቀርተው ሐራጁ ሊካሄድ ቀን ተቆርጧል። አለቀ ማለት ነው? አላለቀም! ይህንን ደግሜ እላለሁ፣ አላለቀም። ለምን? ቤቱ ተሸጦ ዕዳውና ወጪው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ብር የማን ነው? የባንኩ ነው? አይደለም። የባለቤቱ ነው። ካነሰስ? ካነሰ ቀሪው ዕዳ አይሰረዝም። ተበዳሪው ላይ ይቀራል።

በቁጥር ላሳያችሁ፣ ምሳሌ ብቻ ነው። ዕዳው ከነወለዱ 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ቤቱ በ5 ሚሊዮን ተኩል ቢሄድ፣ ሰውየው ቤቱን አጥቶ ገና ግማሽ ሚሊዮን ብር ይፈለግበታል። በ9 ሚሊዮን ቢሄድ ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን ብር ይዞ ይወጣል። ያው ቤት ነው። ያው ቀን ነው። ልዩነቱ ስንት ሰው መጣ የሚለው ነው። ታዲያ ሐራጁ ሰው እንዲበዛበት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ማን መሆን ነበረበት? ባለቤቱ! እኛ አገር ግን ማንም እንዳይሰማ የሚጸልየው ባለቤቱ ነው።

አንዲት ወይዘሮ ልንገራችሁ። ምግብ ቤት ነበራቸው። ሥራው ከሰረ። ቤታቸው ላይ ሐራጅ ወጣ። እኚህ ሴት ምን አደረጉ መሰላችሁ? ማስታወቂያውን ከጋዜጣው ቆርጠው ፎቶ ኮፒ አስደረጉ። እሱን ይዘው ድሮ በርበሬና ዘይት የሚገዙባቸው ነጋዴዎች ጋ ዞሩ። «ቤቴ ሊሸጥ ነው፣ ሐራጁ በዚህ ቀን ነው፣ ብር ያለው ሰው ካወቃችሁ ላኩልኝ» አሉ። የሚያለቅስ ድምፅ አልነበረም። ሥራ እንደሚሠራ ሰው ነበር የሚናገሩት። ቤቱን ለማየት ሰው ሲመጣ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ግቢውን አስጠርገው፣ የውኃ ታንከሩ የት እንዳለ፣ ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ክፍል ጠዋት ፀሐይ እንደሚገባበት አሳዩ። የግብር ደረሰኞቹን በፌስታል ይዘው ነበር። እኔ ከባንኩ በኩል ሄጄ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

የሐራጁ ቀን የስብሰባ ክፍላችን ወንበር አጠረው። ከታች ከገንዘብ ቤቱ ወንበር አምጥተን ነው ያስቀመጥነው። ሐራጅ ባዩ መነሻ ዋጋውን ጠራ። አንዱ ጨመረ። ሌላው ጨመረ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ሌላኛው ወጣት ነጋዴ። እየተያዩ ይጨምራሉ። ወይዘሮዋ ከኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ዋጋው ዕዳቸውን ሲያልፍ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየሁ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ብር የእሳቸው ነበር። ከዕዳው በተረፈው ብር ከከተማው ዳር አነስ ያለ ቤት ገዙ። ዛሬም እዚያ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሰው ያልበዛበት ሐራጅ ለተመሳጠሩ ሰዎች ይመቻል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ኮሪደር ላይ የሚንሾካሾኩ ሰዎች አሉ። «ዛሬ አንተ ተው፣ የሚቀጥለውን እኔ እተውልሃለሁ።» ወይም ትንሽ ብር ሰጥተው «ሂድ፣ አትግባ» ይላሉ። ሦስት ሰው ብቻ ከመጣ ሦስቱን ማስማማት ቀላል ነው። ሃያ ሰው ከመጣ ግን ማን ማንን ያስማማል? እንዲህ ዓይነቱን ነገር ካያችሁ ለባንኩም ለፖሊስም ተናገሩ። ሐራጁ ላይ ማጭበርበር ወይም ከባድ የሥርዓት ጉድለት ከነበረ ሕጉ ሽያጩ እንዲፈርስ አቤት ለማለት መንገድ ይሰጣል።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ገዥው ነው። በመካከላችን ቤት የምትፈልጉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። «የሐራጅ ቤት እንባ አለበት» ትላላችሁ። እናቴም እንደዚያ ትል ነበር። ይህንን ስሜት አልንቀውም። የሰው ሐዘን ማክበር የጨዋ ሰው ነገር ነው። ግን እስቲ አስቡት። እናንተ ፈርታችሁ ከቀራችሁ ቤቱ ሳይሸጥ ይቀራል? አይቀርም። ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል። በሁለተኛውም ገዥ ከጠፋ ባንኩ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ወይም ለእነዚያ ለኮሪደሮቹ ሰዎች ይሄዳል። ደህና ዋጋ ሰጥቶ የገዛ ሰው የሰውየውን ዕዳ አቅልሎለታል። እንባው የሚበዛው ቤቱ በርካሽ ሲሄድ ነው።

ከወሰናችሁ ግን በጥንቃቄ ግቡ። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጽሑፎች አንብቡ። ባንኮች በአብዛኛው የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ አስይዙ ይላሉ። መነሻው 8 ሚሊዮን ከሆነ 2 ሚሊዮን ማለት ነው። ካላሸነፋችሁ ይመለስላችኋል። ካሸነፋችሁ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ትከፍላላችሁ። ካልከፈላችሁ ያስያዛችሁት ብር አይመለስም። አንድ ወጣት አውቃለሁ፣ ማስያዣውን ከሦስት ጓደኞቹ ተበድሮ ገባ። ሲጫረት ደሙ ሞቀ፣ ካሰበው በላይ ጠራ፣ አሸነፈ። አጨበጨቡለት። ቀሪውን ብር ግን ከየት ያምጣ? 15ቱ ቀን አለፈ። የጓደኞቹ ብር እዚያው ቀረ። ስለዚህ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። አዳራሹ ውስጥ አትወስኑ።

ወጪውንም ደምሩ። የስም ማዛወሪያ አለ፣ የቴምብር ቀረጥ አለ። ንብረቱ የሚመለከተው ከሆነ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የቦታና የቤት ግብር ውዝፍ ሊኖር ይችላል። የመብራትና የውኃ ሂሳብ አለ። ማስታወቂያው የትኛው በማን ላይ እንደሆነ ይናገራል። ካልተናገረ ጠይቁ።

ቤቱን በአካል እዩት። ባንኩ የጉብኝት ቀን ይሰጣል። ማን ነው ውስጡ ያለው? ባለቤቱ? ተከራይ? ተከራዩ ውል አለው? ከዚያ የክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ሄዳችሁ ካርታውን አመሳክሩ። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር አንድ ነው ወይ? ከካርታው ውጭ የተሠራ ክፍል አለ ወይ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 እንደዚያ ይላል። የምትገዙት ቤቱንና በቦታው ላይ ያለውን መብት ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ሳይሆን በድሮው ሥርዓት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ሊዝ ውስጥ ይገባል ይላል። ስለዚህ «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ብሎ ደላላ ቢነግራችሁ አትመኑት። እናንተ ስትረከቡት ክፍያው ይጀምራል። ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁም መግዛት ከፈለጉ በውክልና ይችላሉ። ግን ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ አለበት። ሐራጁ ሲደርስ አይጀመርም።

ሳልናገረው ማለፍ የማልፈልገው ሌላ ሐራጅ አለ። የፍርድ ቤቱ። ባንክ የለበትም፣ ዕዳም የለበትም። ወንድምና እህት ናቸው። አባት ሞቱ፣ ቤት ቀረ። አንዱ «ይሸጥ» ይላል፣ ሌላዋ «አይሸጥ»። ባልና ሚስትም ሲፋቱ እንደዚያው ነው። ቤቱ በዓይነት ካልተከፈለ ፍርድ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈል ይላል። ጠበኞቹ እልህ ውስጥ ስለሆኑ ማንም ገዥ ፈልጎ አያመጣም። ያም ዝምታ ነው። በእልህ የመጣ ዝምታ። ተጫራቾቹ ደግሞ ጠቡን ያውቃሉ፣ በዝቅተኛ ይጠራሉ። እህቴ፣ ወንድሜ፣ እናንተም መጫረት እንደምትችሉ ታውቃላችሁ? ድርሻችሁ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የእድራችን ሽማግሌዎች አስቀምጠዋችሁ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ ብትገዙ አይሻልም? ሽማግሌ ነጻ ነው። የፍርድ ቤት ሐራጅ ወጪ አለው።

በፍርድ አፈጻጸም የእናንተ ቤት በስህተት የሌላ ሰው ተብሎ ከተያዘባችሁም ዝም አትበሉ። ጠበቆች በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 ስም «የ418 አቤቱታ» የሚሉት አለ። ቤቱ ሳይሸጥ «ይህ የእኔ ነው» ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ከተሸጠ በኋላ መንገዱ ይረዝማል።

አሁን ለእድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልቀመጥ። በዚህ አገር እድር ሞት ሲኖር ጡሩምባ ያስነፋል። ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። የአንድ አባል ቤት በሐራጅ ሊሄድ ሲል ግን ማንም አይሰማም። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያድርገው እላለሁ። አባሉ ራሱ ፈቅዶ ካሳወቀ፣ እድሩ ማስታወቂያውን ለአባላት ያድርስ። በስልክ ግሩፓችን ይላክ። ገዥ ያለው ገዥ ያምጣ። ሐራጁ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ይሂዱ፣ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ሥርዓቱ መጠበቁን ይዩ። ብር አይጠይቅም። ምስጢሩ እንዲጠበቅለት የፈለገ አባልም ይጠበቅለት፣ ማንም አይገደድ። ሊቀመንበራችን በቃለ ጉባኤ ቢያስይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ቡናው እስኪደርስ እመልሳለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ ደግሞ እዚያ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እድሩ ቢሮ እገኛለሁ። የብድር ውሉን፣ ማስጠንቀቂያውንና የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ደብዳቤው የደረሳችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉበት፣ ስንት ቀን እንደቀረ አብረን እንቆጥራለን።